ታንኩን ከኋላ ማየት

«የጣሊያንን ታንክ ምን አግኝተህበት ነው እንዲህ የምታሳምረው?»

እንዲህ ያሉኝ የእናቴ አጎት ናቸው። አባባ ነው የምንላቸው። ለበዓል ሊጠይቁን መጥተው ሳሎን ተቀምጠዋል። እኔ ጥግ ካለችው ጠረጴዛዬ ላይ አጎንብሼ በወረንጦ የሰንሰለት ቁራጭ እገጣጥማለሁ። ቁጣ አልነበረባቸውም፤ እንደ ጨዋታ ነው ጣል ያደረጉት። ቤቱ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። መልስ ግን አልነበረኝም። ከዚያ ወዲህ ብሩሽ ባነሳሁ ቁጥር ጥያቄው ይመጣብኛል።

የፕላስቲክ ሞዴል ሱስ የያዘው ሰው ለእንዲህ ያለ ጥያቄ የተዘጋጁ መልሶች አሉት። «ታሪክ ነው።» «የምወደው ማሽኑን እንጂ ጦርነቱን አይደለም።» «አእምሮ ያሳርፋል።» እኔም ለሌላው ሰው ይህንኑ ስል ኖሬያለሁ። ጀርመን ፖላንድን የወረረበትን ፓንዘር 2 ታንክ ስቀባ፣ የአሜሪካኑን ስቱዋርት ስገጣጥም ማንም ምንም አላለኝም። ራሴንም አልጠየቅሁም። የፖላንድ አያት የለኝማ!

ይሄኛው ግን ሲቪ 33 ነው፤ ኋላ ኤል 3 የተባለው። በ1928 ዓ.ም በሰሜንም በኦጋዴንም በኩል የገባብን ትንሹ ታንክ። ብሮንኮ የሚባል የቻይና ኩባንያ የሚያወጣው ኪት (ቁርጥራጩን ገጣጥመህ የምትሠራው ሞዴል) ነው፤ ወንድሜ ከቨርጂኒያ በሰው ሻንጣ ላከልኝ። ሙጫው ተቀጣጣይ ስለሆነ ሻንጣ ውስጥ አይገባም። እሱን አዲስ አበባ ላይ የማግኘት ጣጣ ለብቻው ሌላ ጽሑፍ ይወጣዋል።

ዘጠኝ ሳንቲ ሜትር

ሳጥኑን ስትከፍተው መጀመሪያ የሚገርምህ ማነሱ ነው። እውነተኛው ታንክ ርዝመቱ 3.17 ሜትር ገደማ ነው። ስፋቱ 1.40፣ ከፍታው ደግሞ 1.30 ሜትር ያህል። በ1 ለ 35 ሲቀነስ ዘጠኝ ሳንቲ ሜትር ርዝመት፣ አራት ሳንቲ ሜትር ስፋትና አራት እንኳ የማይሞላ ከፍታ ይወጣዋል። መዳፍ ላይ ቁጭ ይላል። ሌላ ታንክ ሠርቶ የለመደ ሰው «ቀሪውስ የታለ?» ብሎ ሳጥኑን ደግሞ ያያል።

እውነተኛውም ቢሆን ያው ነው። ሁለት ሰው ትከሻ ለትከሻ ተጣብቆ ይቀመጥበታል፤ ሾፌሩ በቀኝ፣ ተኳሹ በግራ። ክብደቱ ሦስት ቶን ከምናምን፣ ሞተሩ 43 የፈረስ ጉልበት። ጣሊያኖች ካርደን ሎይድ የሚባለውን የእንግሊዞች ትንሽ ታንክ አዩና ከእሱ ተነሥተው በአንሳልዶና በፊያት አሠሩት። መድፍ የለውም። የሚሽከረከር ማማም የለውም። ያለው ከፊት ለፊት የተሰኩ ሁለት መትረየሶች ናቸው። እነሱም ግራና ቀኝ የሚዞሩት በጠቅላላው 24 ዲግሪ ብቻ ነው። ከዚያ ውጭ ለመተኮስ ታንኩ ራሱ መዞር አለበት።

አንድ ቀን ቁጥር ሳሰላ የገረመኝን ልንገራችሁ። የታንኩ ብረት በጣም ወፍራም በሆነበት ቦታ 14 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። በ35 ስትከፍለው 0.4 ሚሊ ሜትር ይሆናል። የኪቱ ፕላስቲክ ደግሞ አንድ ሚሊ ሜትር ይጠጋል። እንግዲህ መዳፌ ላይ ያለው መጫወቻ በልኩ ሲታይ ከእውነተኛው ከእጥፍ በላይ የወፈረ ጋሻ ለብሷል ማለት ነው።

የ1 ለ 35 ልክ ራሱ ታሪኩ ያስቃል። በፈረንጆች 1960ዎቹ መጀመሪያ የጃፓኑ ሞዴል ሠሪ ኩባንያ ታሚያ የጀርመኑን ፓንተር ታንክ በሞተር የሚሄድ ሞዴል አድርጎ ሊያወጣው ፈለገ። ሞተሩና ባትሪዎቹ ሆዱ ውስጥ እንዲገቡ አድርጎ ሰፋ አድርጎ ሠራው። ኋላ ሲለካ ወደ 1 ለ 35 ሆኖ ተገኘ። ሌላው ኩባንያ ሁሉ ተከተለው። እኔም ዛሬ ታንኩ አጠገብ የማቆመውን የጎጃም ዘማች የምቀንሰው ለባትሪ ተብሎ በወጣ ልክ ነው።

ስለ ዘማቹ ካነሳን አይቀር ሌላ ስሌት አለች። ቁመቱ 1.70 ሜትር የሆነ ሰው በዚህ ልክ ወደ 4.9 ሳንቲ ሜትር ይመጣል። ታንኩ 3.7 ሳንቲ ሜትር ነው። አጠገቡ ብታቆመው ሰውየው ታንኩን ቁልቁል ነው የሚያየው። ይህን ቁጥር ወረቀት ላይ ጽፌ ጠረጴዛዬ ላይ ለጠፍኩት። ያኔ ለምን እንደሚጠቅመኝ ገና አልገባኝም ነበር።

«በዚህ በኩልስ?»

አባባ ሌላ ቀን ብቻቸውን መጡ። ታንኩ በዚህ መሀል ተቀብቷል፤ ቀይ ቡናማ መደብ ላይ አረንጓዴ ነጠብጣብ፣ የዚያ ዘመን የጣሊያን አቀባብ። ጠረጴዛው ላይ አፍንጫውን ወደ ክፍሉ አዙሬ፣ ትንሽ ጎኑም እንዲታይ ሸርተት አድርጌ አስቀምጬዋለሁ። ሞዴል ሠሪ ሁሉ እንዲህ ነው የሚያስቀምጠው።

መነጽራቸውን አወጡና ቀረብ አሉ። በሁለት ጣት አንሥተው አዩት።

«ይሄ ፊቱ ነው?»

«አዎ አባባ። እነዚህ ሁለቱ መትረየሶቹ ናቸው።»

«ራሱ ይዞራል?»

«አይዞርም። ሁሉም አንድ ወጥ ነው።»

ቀስ ብለው ገለበጡና ጀርባውን ወደ እሳቸው አዞሩት።

«በዚህ በኩልስ?»

«በዚያ በኩል ምንም የለውም። ሞተርና ራዲያተር ነው።»

«መትረየስ የለም?»

«የለም።»

«በል እንግዲህ አባቴ የሚለው ይሄንን ነበር» አሉና አስቀመጡት። ጀርባውን ወደ እኛ አድርገው።

አባታቸው ጎጃምን ይገዙ ከነበሩት ከራስ እምሩ ጋር ከዘመቱት አንዱ ነበሩ። ይህን ቤተሰቡ ሁሉ ያውቃል። ብዙ የማያወሩ ሰው እንደነበሩም እንሰማለን። ስለ ታንክ ሲነሣ ግን አንድ ነገር ይሉ ነበር አሉ አባባ፦ «ከፊቱ ካልቆምክለት ዕውር ነው።» ይኸው ነው። ሌላ ማብራሪያ የለውም።

እኔ ደግሞ ያን ሁሉ ጊዜ ከፊቱ ቆሜ ነበር የማየው። የሞዴል ሳጥን ሥዕል ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ከፊት ነው። ውድድር ላይ የሚነሣው ፎቶም ከፊት ነው። የጣሊያን ጦር ያስነሣቸው የዘመቻ ፎቶዎችም በብዛት እንደዚያው ናቸው፤ ታንኮቹ ተሰልፈው ወደ አንተ ይመጣሉ። ከዚህ የተነሣ ሞዴል ሠሪ ጀርባውን አቃልሎ ያልፋል። የራዲያተሩን ወንፊት አንድ ጊዜ በጥቁር ቀለም ይነካካና አበቃ።

አሁን ሳስበው፣ እንዲህ ዓይነቱን ታንክ በ1928 ከፊት ለፊት ቆሞ ያየው ሰው ሁለት ዓይነት ነው፤ ፎቶ አንሺው ወይም ሊሞት ያለው። ከጀርባው ያየው ሰው ሌላ ነው። በእግሩ የመጣ፣ ገደሉን የሚያውቅ፣ ቋጥኝ ሥር ተኝቶ ያሳለፈው ሰው ነው። ስለዚህ የአባባ ጥያቄ መልስ ያጣው ቀለም በማሳመሬ አልነበረም። ችግሩ የቆምኩበት ቦታ ነበር። ጣሊያኑ እንዲታይ በፈለገበት በኩል ቆሜ ነበር የማሳምረው።

ደምበጉና

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ይባላልና ወደ ንባብ ገባሁ። ታንኩን በደንብ ለመቀባት ያነበብኩትን ያህል፣ እንዴት እንደቆመ አንብቤ አላውቅም ነበር።

ታኅሣሥ 5 ቀን 1928 ዓ.ም። የራስ እምሩ ጦር ተከዜን በማይ ጥምቀት መሻገሪያና በሌሎች ቦታዎች ሊነጋጋ ሲል ይሻገራል። በዚያ በኩል ያለው የጣሊያን ኃይል በሻለቃ ክሪኒቲ የሚመራ ነው፤ አንድ ሺህ ያህል የኤርትራ ወታደርና ዘጠኝ ትንንሽ ታንኮች። ክሪኒቲ ወደ ደምበጉና በር፣ በተራሮች መሀል ወዳለችው ማለፊያ፣ ያፈገፍጋል። እዚያ ሲደርስ ሌላ የኢትዮጵያ ጦር ቀድሞ በሩን ይዞታል።

ታንኮቹ መንገድ ሊከፍቱ ወደ ፊት ወጡ። ሥፍራው ግን ድንጋይና ቁልቁለት ነው። መዞር ካልቻለ መተኮስ የማይችል ማሽን እንዲህ ባለ ቦታ ምን ይሆናል? ሰዉ በጎንና በጀርባ መጣበት። ታንኮቹ እዚያው ቀሩ። ከሰለኽለኻ ሌሎች ታንኮችን ይዞ ለእርዳታ የመጣው ኃይልም መንገድ ላይ ተጠመደ። ከፊትም ከኋላም ቋጥኝ እያንከባለሉ ዘጉበት። ወደ ፊት የለ፣ ወደ ኋላ የለ። ሁለቱ ታንኮች በእሳት ጋዩ።

ከዚያ ውጊያ የሚተረክ አንድ ታሪክ አለ። አንድ ተዋጊ ከኋላ ተጠግቶ ታንኩ ላይ ይወጣና ክዳኑን ያንኳኳል። ውስጥ ያሉት ይከፍታሉ። ጎራዴው ይጠብቃቸዋል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ። ልጅ ሆኜ ይህን ስሰማ ጀግና ሊያሳምሩ የፈጠሩት ይመስለኝ ነበር። ኪቱን ከገጣጠምኩ በኋላ ግን ያን ያህል አልራቀብኝም። ክዳኑ ከሰው ትከሻ በታች ነው። ለመውጣት መሰላል አያስፈልግም፤ አንድ እርምጃ በቂ ነው። ውስጥ ያለው ሰው የሞተሩ ጩኸት ጆሮውን ደፍኖታል። ከፊቱ ካለችው ቀዳዳ በቀር የሚያየው የለም። ቢንኳኳ ወዳጅ መጣልኝ ብሎ ቢከፍት አይገርምም።

ጠረጴዛዬ ላይ የለጠፍኳት ቁጥር፣ 4.9 በ3.7፣ ያኔ ነው ሥራ ያገኘችው።

ጫማ የሌለው ሰው

ታንኩን ከጀርባው ለማሳየት ከወሰንክ ከጀርባው ሰው ያስፈልግሃል። ችግሩ ሰውየው አይሸጥም። የ1 ለ 35 ወታደር በየዓይነቱ ሞልቷል፤ ሲጋራ የሚለኩስ ጀርመን፣ ሻይ የሚጠጣ እንግሊዝ፣ ፓስታ የሚበላ ጣሊያን ብትፈልግ አታጣም። ሸማ ለብሶ ጎራዴ የታጠቀ የኢትዮጵያ ዘማች ግን ብፈልግ ብፈልግ አላገኘሁም። ስለዚህ ከሌሎች ኪቶች የተረፈ እጅና እግር፣ ጭንቅላትና ገላ እየለቃቀምኩ ሠራሁት።

ሸማው ቀላል ነው። ሶፍት በስሱ ትቀድና ውሃ በገባው ኮላ ነክረህ ገላው ላይ ትጥለዋለህ። ሲደርቅ እጥፋቱ ልክ እንደ ጨርቅ ይሆናል። ጎራዴውን ከቆርቆሮ ቆረጥኩት። ልለጥፍ ስል አባባ አጠገቤ ነበሩ።

«በቀኝ በኩል ነው የሚታጠቀው» አሉ።

«በቀኝ? ለቀኝ እጅ አይከብድም?»

«አባቴ እንዲህ ነው ያደረገው ስልህ!»

በቀኝ ሆነ። የድሮ ሥዕሎችን ብታዩም በቀኝ ነው።

ያሰቃየኝ እግሩ ነው። የሞዴል ወታደር ሁሉ ቦት ጫማ ያደርጋል። ዘማቹ ግን ባዶ እግሩን ነው። እናም ጫማውን በምላጭ መላጥ አለብህ። ከዚያ ተረከዝ ታወጣለህ፣ ቁርጭምጭሚት ታወጣለህ፣ ጣቶቹን በመርፌ ጫፍ ትለያለህ። እግሩ በሙሉ ሰባት ሚሊ ሜትር ናት። በብርጭቆ ወረቀት ትንሽ ካበዛህ ትጠፋለች። በዚህ ሥራ ላይ እንደዚያች እግር ያቆየኝ ነገር የለም።

ያቺን እግር እየሠራሁ ነው ስለ ጋዙ ያነበብኩት። ከደምበጉና ድል በኋላ ሳምንት አለፍ ሲል፣ ታኅሣሥ 13 ቀን፣ የጣሊያን አውሮፕላኖች ተከዜ አካባቢ ከራስ እምሩ ጦር ላይ መጡ። የጣሉት እንደወትሮው የሚፈነዳ ቦምብ አልነበረም። ራስ እምሩ ራሳቸው ኋላ እንደተረኩት፣ መሬት ሲደርስ እየተሰበረ ፈሳሽ የሚረጭ በርሜል ዓይነት ነገር ነበር። ፈሳሹ የነካው ሰው እጁ፣ እግሩ፣ ፊቱ ተቃጠለ። የሰናፍጭ ጋዝ ነው። ሣሩና ቁጥቋጦው ላይ ይቀራል። በባዶ እግር የሚሄድ ሰው ደግሞ አያመልጠውም። ታንኩን ያቆመችው ያቺው እግር ነች ጋዙ የበላት።

ስለዚህ «ጎራዴ ታንክን አሸነፈ» ብሎ መፎከር አይመጣልኝም። አሸንፎ ነበር፤ በዚያች ቀን፣ በዚያች በር። ትንሿ ታንክ ለጣሊያን ጦርነቱን አላሸነፈችለትም። ያሸነፈለት ከላይ የመጣው ነው። የካቲት መጨረሻ ላይ ሽሬ ሲሆን የራስ እምሩ ጦር በአውሮፕላን ተደብድቦ ተበተነ። ይህን በ1 ለ 35 የሚያሳይ ኪት የለም። ጋዝ በፕላስቲክ አይሠራም።

ሌላም ሥጋቴን ልናገር። ከታንኮቹ ጋር የነበረው እግረኛ ጦር የኤርትራ ሰው ነው። ፊቱን ከእኔ ዘማች ፊት ለይቼ ልቀባው አልችልም፤ ያው አንድ ቀለም ነው። አንዳንድ ጓደኞቼ «ጣሊያኖቹን ብቻ አድርግ፣ ለማየትም ይቀላል» አሉኝ። ይቀላል፣ እውነት ነው። ግን በዚያ በር የነበረውን ሰው ጠልቶ አውጥቶ የተሠራ ሞዴል ምን ይሠራል? ታንኩ ጥግ ላይ፣ ከአንድ ቋጥኝ ሥር፣ ጠመንጃውን ይዞ ያጎነበሰ አንድ አስካሪ፣ ማለትም ለጣሊያን የተሰለፈ የኤርትራ ወታደር፣ አስቀመጥኩ። ማን እንደሆነ የሚጠይቅ አለ፣ የማይጠይቅም አለ።

መደቡን ስሠራ ታንኩን በጀርባው አቆምኩት። ተመልካች ሲመጣ መጀመሪያ የሚያየው የራዲያተሩን ወንፊት፣ ከሱ ቀጥሎ የሰውየውን ተረከዝ ነው። ጀርባውን እንደገና ቀባሁት፤ ዝገቱን፣ ዘይቱን፣ አቧራውን ሁሉ እየለየሁ። አንድ የሙያው ጓደኛዬ «ውድድር ላይ ከወሰድከው ዳኞቹ ያዞሩታል» አለኝ። ያዙሩት። ማዞሩ ራሱ አንድ ነገር ነው።

አባባ አሁን ሌላ ነገር ይዘው መጥተዋል። በታኅሣሥ 1953ቱ ግርግር ጎረምሳ ነበሩ። ስድስት ኪሎ፣ ቤተ መንግሥቱ አጠገብ፣ ታንክ አይተው ሮጠዋል። «እንደዚያ ያለውን ሥራልኝ» ይሉኛል። ኤም 24 ቻፊ አሳየኋቸው፤ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአሜሪካ ቀላል ታንክ፣ ኋላ ለእኛም ጦር የተሰጠ። 18 ቶን፣ አምስት ሰው፣ 75 ሚሊ ሜትር መድፍ። «ራሱ ይዞራል?» አሉኝ። ዙሪያውን ይዞራል አልኳቸው። «እሱ እንግዲህ ሌላ ነው» አሉና ዝም ብለው ሥዕሉን አዩት።

ወንድሜን ጠይቄያለሁ፤ የሚመጣ ሰው ሲያገኝ ይልክልኛል። ኪቱን በቀላሉ የምታገኘው ከኢታለሪ ነው። የጣሊያን ኩባንያ ነው። ይህን ለአባባ ገና አልነገርኳቸውም።